ያለ ትራንስክሪፕት የተከፈተ በር፦ አንዲት የሆስፒታል ሠራተኛ የዳታ ሳይንስ ማስተርስ የገባችበት መንገድ

በኦንላይን የዳታ ሳይንስ (ከብዙ መረጃ በስታቲስቲክስና በኮምፒውተር ዕውቀት የማውጣት ሙያ) ማስተርስ መማር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ዋጋውን ነው። ቀጥሎ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ይጠይቀኛል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ግን አገር ቤት ዲግሪ ይዞ፣ ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ወደ ትምህርት ለሚመለስ ሰው ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ። ትምህርት ቤቱ ተማሪ የሚቀበለው ምን አይቶ ነው? የድሮ ወረቀቱን ነው ወይስ ዛሬ የሚችለውን?

ይህ ጥያቄ የአንዲትን እህት መንገድ እንዴት እንደቀየረው ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅርብ አይቻለሁ። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ስሟንና አገር ቤት የተማረችበትን ዩኒቨርሲቲ ግን አልጠቅስም።

ባለታሪኳ በአካውንቲንግ ነው የተመረቀችው። ሁለት ዓመት ገደማ ሠርታ ዲቪ ደረሳትና ሜሪላንድ ገባች። እንደ ብዙዎቻችን መጀመሪያ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ሆነች፤ ቆይታ አጭር የሜዲካል ቢሊንግ ኮርስ ወሰደችና ሆስፒታል ተቀጠረች። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ናት። ባለቤቷ የማታ ሥራ ስላለው ልጆቹ ሳይተኙ ላፕቶፕ መክፈት የማይታሰብ ነው።

ሥራዋ ሆስፒታሉ ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚልካቸውን የክፍያ ጥያቄዎች መከታተል ነው። ክሌም ይሏቸዋል። ኢንሹራንሱ አንዳንዱን ይከፍላል፣ አንዳንዱን ደግሞ አልከፍልም ብሎ ከነምክንያቱ ኮድ ይመልሰዋል። የተመለሰውን አጣርቶና አርሞ እንደገና መላክ የእሷ ድርሻ ነው። የተመለሱትን ኤክሴል ላይ ስትደረድር ተመሳሳይ ነገር እየተደጋገመ ታይ ነበር። ያው ኢንሹራንስ፣ ያው የሕክምና ዓይነት፣ ያው የጎደለ ፈቃድ። «ይሄ እኮ ከመላኩ በፊት ሊታወቅ የሚችል ነገር ነው» አለችኝ። የዳታ ሳይንስ ፍላጎቷ ከዚህ ነው የተነሳው። ወሬ ሰምታ ወይም ደሞዙ ጥሩ ነው ተብላ አልጀመረችም። ይህን የማነሳው በኋላ ትምህርቱ ሲከብድ ያቆያት እሱ ስለሆነ ነው።

አማራጮቹን አብረን አየን። በዋጋ ረገድ ሁለት ስሞች ተደጋግመው ይነሳሉ። አንዱ ጆርጂያ ቴክ ነው። ዩኒቨርሲቲው በፈረንጅ 2014 የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርሱን በርካሽ ኦንላይን መስጠት ጀመረና በ2017 የአናሊቲክስ፣ ማለትም የዳታ ትንተና፣ ማስተርስ ጨመረ። የአናሊቲክሱ 36 ክሬዲት ሲሆን ሲጀመር የተነገረለት ዋጋ ከ10 ሺህ ዶላር በታች ነበር። ሌላው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን ነው፤ በ2021 የጀመረው የዳታ ሳይንስ ማስተርስ 10 ኮርስ፣ 30 ክሬዲት፣ 10 ሺህ ዶላር። ሁለቱም ትልቅ ስም ያላቸው ናቸው፣ ትምህርታቸውም ቀላል አይደለም። ሁለቱም የሚገባባቸው በተለመደው በር ነው። ማመልከቻ፣ ትራንስክሪፕት፣ ስለ ራስ የሚጻፍ ድርሰት፣ ብዙ ጊዜም የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከዚያ ወራት መጠበቅ።

እሷም በዚህ ዓይነቱ በር ልትገባ አንድ ዩኒቨርሲቲ መርጣ ወረቀት ማሰባሰብ ጀመረች። ጣጣው ከዚህ ይጀምራል።

አገር ቤት የተማረ ሰው ያውቀዋል። ስንመረቅ የሚሰጠን ቴምፖና ስቱደንት ኮፒ ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር በቀጥታ ወደሚፈልገው ተቋም በታሸገ ፖስታ ነው የሚላከው፤ ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ የወጪ መጋራት ዕዳ መጠናቀቅ አለበት። እሷ ኮስት ሸሪንጓ ከደሞዟ እየተቆረጠ ነበር፣ ግን ሥራ ለቃ ስትሄድ ገና ቀሪ ነበረው። አገር ቤት ያለው ታናሽ ወንድሟ ጉዳዩን እንዲጨርስላት ውክልና ያስፈልገዋል። ውክልናውን ዋሽንግተን ካለው ኤምባሲ አስደርጋ ላከች፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ውጭ ጉዳይም ሰነዶች ማረጋገጫም መታየት ነበረበት። ወንድሟ ከሥራው እያስፈቀደ ነው የሚመላለሰው። አንድ ቀን ከሬጅስትራሩ በር ላይ ሆኖ ደወለላት። «እህት ዓለም፣ ክሊራንስሽ ላይ የገቢዎች ማስረጃ ይጎድላል ብለውኛል፣ እሱን ካላመጣሁ ፋይሉን አይከፍቱትም።» የገቢዎቹን ማስረጃ ሲያመጣ ደግሞ የድሮው መዝገብ ወደ አዲስ ሲስተም እየተዛወረ ስለሆነ ጠብቅ ተባለ።

በዚህ መሃል የዩኒቨርሲቲው የማመልከቻ ቀን አለፈ።

የድጋፍ ደብዳቤውም ሌላ ራስ ምታት ነበር። የሚጠየቀው የድሮ መምህር ወይም ትምህርታዊ ችሎታን የሚያውቅ ሰው ነው። ከተመረቀች ዓመታት አልፈዋል። አንዱ መምህሯ ወደ ውጭ ወጥተዋል፣ የሌላኛው ኢሜይል አይሠራም። የሥራ አለቃዋ ደስ ብሏት ጻፈችላት፤ አለቃዋ የምትመሰክረው ግን ስለ ታታሪነቷ እንጂ ስለ ሒሳብ ችሎታዋ አይደለም።

እዚህ ላይ የራሴን አቋም ልናገር። የአገር ቤት ትራንስክሪፕት ጉዳይ ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጥ ነው፤ እዚህም ሆነ በአውሮፓ ወይም በዐረብ አገሮች ያሉ ስንትና ስንት ጎበዝ ልጆች ከትምህርት የቀሩት ችሎታ አጥተው ሳይሆን ወረቀታቸውን የሚያሳድድላቸው ሰው አጥተው ነው። ወንድም ወይም እህት ሥራ ትቶ ቢሮ ለቢሮ ካልተንከራተተ አይሆንም። ይህ መስተካከል ያለበት ነገር ነው፣ ሲበዛም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ሌላ በር መፈለግ ነበረብን። አገኘነውም።

የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር በ2021 ኮርሴራ በሚባለው የኦንላይን ትምህርት ድረ ገጽ ላይ የጀመረው የዳታ ሳይንስ ማስተርስ አለ። 30 ክሬዲት ነው። ማመልከቻ የለውም። ትራንስክሪፕት አይጠይቅም፣ የድጋፍ ደብዳቤ አይጠይቅም፣ የባችለር ዲግሪ ማስረጃ እንኳን አይጠይቅም። ፓዝዌይ የሚሉት ሦስት ኮርሶች አሉ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ክሬዲት። ሦስቱን ከፍለህ ትማራለህ፣ በአማካይ ቢ ወይም ከዚያ በላይ ካመጣህ ገባህ። ፓዝዌይ ላይ ያገኘኸው ክሬዲት ለዲግሪው ይቆጠራል። የምትማረውና የምትፈተነው ያው ማስተርሱ ውስጥ ያሉት ኮርሶች ናቸው።

መጀመሪያ ስነግራት አላመነችም። «ወንድሜ፣ ማጭበርበሪያ እንዳይሆን» አለችኝ። ጥርጣሬዋ ትክክል ነበር፤ ያለ ወረቀት እናስገባለን ከሚል ትምህርት ቤት መጠንቀቅ ጥሩ ነው። ግን ይሄ በአሜሪካ ዕውቅና ያለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ወረቀት የማይጠይቀው ደረጃውን ስላወረደ አይደለም፤ ማጣሪያው ከበሩ ላይ ተነስቶ ክፍሉ ውስጥ ስለገባ ነው። ማጣሪያው ደግሞ ሒሳብ ነው።

ፓዝዌዩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በስታቲስቲክስ በኩል ይሄዳል፤ ፕሮባቢሊቲ (የዕድል ስሌት)፣ ከዚያ ኢስቲሜሽን (ከናሙና መገመት)፣ ከዚያ ሃይፖተሲስ ቴስቲንግ (ግምትን በዳታ መፈተን)። ሌላው በኮምፒውተር ሳይንስ በኩል ነው፤ አልጎሪዝምና ዳታ ስትራክቸር። ፕሮግራሚንግ የሚያውቅ ሰው ሁለተኛውን ቢመርጥ ይቀለዋል። እሷ የመጀመሪያውን መረጠች፣ እኔም ያንኑ መክሬያት ነበር። ለአካውንታንት ቁጥር ባዕድ አይደለም፣ ኮድ ግን ባዕድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ካልኩለስን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው ለማትሪክ ስትዘጋጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስታቲስቲክስ ተምራለች፤ ግን አማካይ ማውጣት፣ ሠንጠረዥ ማንበብ፣ ቀመር ውስጥ ቁጥር መክተት ነበር። የፕሮባቢሊቲ ኮርሱን ስትከፍት ብዙ ሳይቆይ ኢንቴግራል መጣባት። አንድ ክፍያ ከተላከ በኋላ መልስ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ እንበል። ጊዜ ቀጣይ ነገር ስለሆነ ልክ በዚህች ቅጽበት ይመጣል ብለህ ፕሮባቢሊቲ አትሰጠውም። ከአሥረኛው እስከ ሃያኛው ቀን ባለው ውስጥ የመምጣቱ ዕድል ስንት ነው ብለህ ነው የምትጠይቀው፤ መልሱ ደግሞ በሁለቱ ቀናት መካከል ዕድሉ እንዴት እንደተሰራጨ ከሚያሳየው መስመር ሥር ያለው ስፋት ነው። ስፋቱን ለማግኘት ኢንቴግራል ማስላት ግድ ነው። ሐሳቡ ወዲያው ነው የገባት። ያስቸገራት ስሌቱ ነው።

ስለዚህ ኮርሱን አቆመችውና ወደ ኋላ ተመለሰች። እዚህ ላይ የፕሮግራሙ አሠራር በጣም ጠቀማት። ኮርሶቹን ለክሬዲት ሳትመዘገብ በኮርሴራ ወርሃዊ ክፍያ ብቻ መማር ይቻላል፤ ቪዲዮው፣ ንባቡ፣ አብዛኛው የቤት ሥራ ያው ነው። ለክሬዲት ስትመዘገብ የሠራኸው ይዛወርልሃል፣ ከዚያ ለክሬዲት ተማሪዎች ብቻ የሚሰጠውን ፈተናና ሥራ ትጨምራለህ። በእያንዳንዱ ክሬዲት 525 ዶላር ከመክፈልህ በፊት ትችለው አትችለው እንደሆነ በትንሽ ገንዘብ ታውቃለህ ማለት ነው። እንደ እኔ እምነት፣ ይህን ዕድል ሳይጠቀም ቀጥታ ለክሬዲት የሚመዘገብ ሰው ገንዘቡን አደጋ ላይ ይጥላል።

ለካልኩለሱ ካን አካዳሚን ተጠቀመች። ነጻ ነው። ዴሪቬቲቭና ኢንቴግራል፣ ከዚያም ትንሽ የሁለት ቫሪየብል ካልኩለስ። ለሊኒየር አልጀብራ ደግሞ ኤምአይቲ በነጻ ያስቀመጣቸውን የፕሮፌሰር ጊልበርት ስትራንግን ትምህርቶች ተከታተለች። ሰውየው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሲያስተምሩ የአገር ቤት ጥሩ መምህር ነው የሚመስሉት፤ አይቸኩሉም፣ የተናገሩትን ይደግሙታል። ይህ ዝግጅት አንድ በጋ ሙሉ ወሰደባት። ያኔ ሰዎች ገና አልጀመርሽም እንዴ ሲሏት ይከፋት ነበር። እኔ ግን ከጠቅላላው ጉዞዋ ትልቁን ሥራ የሠራችው በዚያ በጋ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚያ ላይ ነው የቆመው።

ወደ ፕሮባቢሊቲው ስትመለስ ሌላ ሰው ሆና ነበር። የቤይስን ቲዎረም፣ ማለትም አዲስ ምልክት ሲገኝ ዕድሉን እንደገና የሚያሰላውን ደንብ፣ ያስረዳኋት በራሷ ሥራ ነው። ከ1000 ክሌም 100ው የሚመለስ ነው እንበል። ሊመለስ ይችላል ብሎ ምልክት የሚያደርግ አንድ ዘዴ አለሽ። ከሚመለሱት መቶ 80ውን ይይዛል። ጥሩ ነው። ግን ከደህናዎቹ 900 ውስጥ ደግሞ 20 በመቶውን፣ 180ውን፣ በስህተት ምልክት ያደርግባቸዋል። አሁን ምልክት የተደረገበት ክሌም ጠረጴዛሽ ላይ መጣ፤ በእውነት የሚመለስ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው? ሰማንያ በመቶ አለች መጀመሪያ። ከዚያ ወረቀት አወጣችና 80ን ለ260 አካፈለች። 31 በመቶ ገደማ። ዝም ብላ ቁጥሩን አየችው፣ ከዚያ «ታዲያ ሠራተኛው ሁለት ሦስተኛውን ጊዜ በከንቱ ሊለፋ ነው» አለች። ልክ ነው። የሚመለሰው ጥቂት ሲሆን ጥሩ የሚመስል ዘዴም ብዙ የሐሰት ምልክት ያወጣል። ይህን በራሷ ቁጥር ካየች በኋላ ቀመሩን መሸምደድ አላስፈለጋትም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር ኮድ ላይ መጣ። የስታቲስቲክስ ኮርሶቹ አር በሚባል የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው የሚሠሩት፤ ጁፒተር ኖትቡክ በሚባል የኮድ መጻፊያ ገጽ ላይ ትጽፋለህ፣ መልስህን ማሽን ያርመዋል። የቫሪያንስ፣ ማለትም ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካ ነገር፣ ጥያቄ ነበር። እሷ በኤክሴል አረጋግጣ የጻፈችው መልስ ከአሩ መልስ ጋር አልገጥም አለ። ልዩነቱ ጥቂት ነው፣ ግን አለ። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ተቸገረች። ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሉውን ሕዝብ ከያዝክ እያንዳንዱ ቁጥር ከአማካዩ ያለውን ልዩነት በራሱ አባዝተህ ትደምርና ድምሩን ለኤን፣ ማለትም ለቁጥሮቹ ብዛት፣ ታካፍላለህ። ናሙና ብቻ ከያዝክ ግን ለኤን ሲቀነስ አንድ ነው የምታካፍለው፣ ምክንያቱም አማካዩን ከዚያው ናሙና ስለወሰድክ ልዩነቶቹ ከእውነተኛው ያነሱ ሆነው ይወጣሉ፤ አንድ መቀነሱ ያንን ያስተካክላል። አር ውስጥ ያለው ቫር ሁልጊዜ ለኤን ሲቀነስ አንድ ያካፍላል። ኤክሴል ሁለቱም አለው፣ ቫር ነጥብ ፒ እና ቫር ነጥብ ኤስ፤ እሷ ለዓመታት የለመደችው ፒውን ነው። በኋላ ፓይተን የሚባለውን ሌላ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ስትጀምር ይኸው ነገር ተመልሶ መጣ፤ በፓይተን ውስጥ ከሚሠራባቸው ሁለት መሣሪያዎች ነምፓይ ካልነገርከው ለኤን ያካፍላል፣ ፓንዳስ ደግሞ ለኤን ሲቀነስ አንድ። አንዱን ዳታ ለሁለቱ ሰጥተህ ሁለት የተለያየ መልስ ታገኛለህ። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ሥራ ላይ ሳይቀር የሚሳሳቱበት ነገር ነው፣ እሷ ከመጀመሪያ ኮርሷ ላይ አወቀችው።

ሦስቱን የፓዝዌይ ኮርሶች ለክሬዲት ስትመዘገብ 1,575 ዶላር ከኪሷ ወጣ። ትምህርቱ የስምንት ሳምንት ሴሽን ነው፣ በዓመት ስድስት ጊዜ ይከፈታል። በፓዝዌዩ ጊዜ በአንድ ሴሽን አንድ ክሬዲት ብቻ ነው የወሰደችው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ባለቤቷ ልጆቹን ይዞላት ሲወጣ ረዘም ያለ ጊዜ። በካሜራ እየታየህ የምትፈተነው ፈተና አለ፤ ክፍሉ ባዶ መሆን አለበት፣ ሌላ ሰው መግባት የለበትም። አፓርትመንቱ ባለ ሁለት መኝታ ስለሆነ ለፈተና የጎረቤት ቤት ተዋሰች። ጎረቤቷ ቡና አፍልታ ጠብቃታለች።

አማካይዋ ከሚፈለገው በላይ ሆነ። ገባች። ያ ሁሉ ትራንስክሪፕት የሚባል ነገር አንድም ሰው ሳይጠይቃት።

ትራንስክሪፕቱ ዘግይቶም ቢሆን መጥቷል። የውጭ ዲግሪ የሚገመግመው ዌስ የሚባል ድርጅት ገምግሞላት ባችለሯ እዚህ ካለው ጋር እኩል መሆኑ ተጽፎላታል። ያ ወረቀት ለሥራ ማመልከቻ ጠቅሟታል፣ ስለዚህ የወንድሟ ልፋት መና አልቀረም። ኮስት ሸሪንጉን ያልጨረሰ ሰው ዛሬ ባያስፈልገውም ጊዜ ሳለው ቢጨርሰው መልካም ነው።

ከገባች በኋላ ያለውን አንዳንዱን በአጭሩ ላልፈው። ስለ ዳታ ሳይንስ ሙያ በጥቅሉ የሚያወሩት ኮርሶች ቀላል ነበሩ። የሳይበር ደኅንነቱም እንዲሁ። የሪግሬሽን ሦስቱ ኮርሶች ግን ከባድም ጠቃሚም ነበሩ፣ በተለይ ሦስተኛው። ተራ ሪግሬሽን የሚተነብየው ማንኛውንም ቁጥር ነው፤ የእሷ ጥያቄ ግን ይመለሳል ወይስ አይመለስም ነው፣ አዎ ወይም አይ። ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ የሚሆነው ሎጂስቲክ ሪግሬሽን እዚያ ኮርስ ላይ መጣ። ኤክሴል ላይ ስትደረድረው የኖረችውን ነገር በስሙ ያገኘችው ያን ጊዜ ነው። በዚያ ሳምንት ማታ ማታ እየደወለች ስታወራኝ ድምጿ ውስጥ የነበረውን ደስታ መግለጽ ያቅተኛል።

ወዲያው የሆስፒታሉን ዳታ ለኮርስ ፕሮጀክት ልጠቀምበት አለች። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ነው የተናገርኳት። አይሆንም። ሒፓ የሚባለው በፈረንጅ የ1996 የአሜሪካ ሕግ የሕመምተኛን መረጃ ይጠብቃል፤ ስም አጥፍቼዋለሁ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የልደት ቀን፣ ዚፕ ኮድ፣ የሕክምና ቀን ተደማምረው ሰውን ያሳውቃሉ። ያለ ሆስፒታሉ ፈቃድ የሥራ ዳታ ወደ ግል ላፕቶፕ መውሰድ ሥራ ያሳጣል፣ ከዚያም የከፋ ሊያመጣ ይችላል። ለዚህ ነው በሕክምና፣ በባንክ፣ በቴሌኮም የሚሠሩ ተማሪዎችን ሁሉ የማስጠነቅቃቸው። እሷ በምትኩ ሜዲኬርን የሚያስተዳድረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለሕዝብ የለቀቀውን ዳታ ወሰደች። ዘዴውን በዚያ ተማረች። ዘዴውን ካወቀች በኋላ ከአለቃዋ ጋር ተነጋግራ፣ በሆስፒታሉ ኮምፒውተር፣ በሆስፒታሉ ፈቃድ፣ ለመሥሪያ ቤቷ ሠራችው። ይኸኛው መንገድ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው። አሁን በየሳምንቱ የሚወጣውን የተመለሱ ክሌሞች ሪፖርት የምታዘጋጀው እሷ ናት። የሥራ መደቧ ገና አልተቀየረም፤ ጠይቃለች፣ መልስ እየጠበቀች ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ። ጠቅላላው 15,750 ዶላር ነው። ከኦስቲንና ከጆርጂያ ቴክ ይበልጣል። ታዲያ ለምን ይሄን? አንደኛው መልስ በሩ ነው፣ ተናግሬዋለሁ። ሁለተኛው መልስ አሠሪዋ ነው። በአሜሪካ የግብር ሕግ ክፍል 127 መሠረት አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ቢከፍል ሠራተኛው ግብር አይከፍልበትም። ብዙ ሆስፒታሎች ይህን ጥቅም ይሰጣሉ፣ ሠራተኛው ግን አይጠይቅም። 5,250ን ለ525 ስታካፍለው በዓመት 10 ክሬዲት ነው፤ በሦስት ዓመት 30ውም ያልቃል። የእሷ መሥሪያ ቤት ሙሉውን ይሰጣል። ግን መጀመሪያ ራሷ ትከፍላለች፣ ውጤት ስታስገባ ነው የሚመለስላት፣ ቢ ካልመጣ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ የአንድ ክሬዲት ገንዘብ ሁልጊዜ በእጅ መኖር አለበት። እዚህ የሚሠራ ሐበሻ ሁሉ ነገ ጠዋት ኤችአር ሄዶ ይህን ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። ዌርሃውስ ውስጥ ላለውም፣ ባንክ ውስጥ ላለውም ብዙ ጊዜ አለ።

አዲስ አበባ ላለ ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው። ብር በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት በሐምሌ 2016 (በእኛ አቆጣጠር) ማግስት ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 900 ሺህ ብር አካባቢ የነበረው ዲግሪ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሆነ፣ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። በዚያ ላይ ውጭ ምንዛሪ በሚቀበል ካርድ መክፈል አለ። ለዚህ ሰው ዲግሪውን አሁኑኑ ጀምር ብዬ አልመክርም። ኮርሴራ ላይ ክሬዲት የሌለውን ኮርስ ለመማር የገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያ አለ፤ ዕውቀቱን በዚያ ማግኘት ይቻላል። ምንም ላልጀመረ ደግሞ በሐምሌ 2016 የተከፈተው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የዳታ ሳይንስ መግቢያ አለው፣ በነጻ ነው። ዲግሪውን ይዞ አገር ቤት መቀጠር የሚፈልግ ሰው በኦንላይን የተገኘ የውጭ ዲግሪ አቻ ግምት እንዴት እንደሚሠራለት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሳይከፍል በፊት ይጠይቅ።

ሌላም ደጋግሜ የምሰማው የተሳሳተ ተስፋ አለ። ኦንላይን ማስተርስ ቪዛ አያሰጥም። ሙሉ በሙሉ ከቤት የሚሰጥ ትምህርት የተማሪ ቪዛ ወረቀት የለውም፣ ከምረቃ በኋላ ያለው የሥራ ፈቃድም የለውም። አሜሪካ መግቢያ ብሎ የሚመዘገብ ሰው ገንዘቡን ያጣል። እባካችሁ ይህን ለዘመድ ወዳጅ ንገሩ፤ ደላላ የሚበላው እዚህ ላይ ነው።

ፕሮግራሙ ለእሷ የጎደለው ነገርም አለ። ክፍል ጓደኛ የለም ማለት ይቻላል። የኮርሱ የውይይት ገጽ ላይ ጥያቄ ትጽፋለህ፣ መልስ ይመጣል፣ ግን የምታውቀው ሰው አታፈራም። መምህሩ ስምህን አያውቅም። ወደፊት ፒኤችዲ ለመማር የድጋፍ ደብዳቤ የሚያስፈልገው ሰው ከዚህ ፕሮግራም ደብዳቤ የሚጽፍለት ፕሮፌሰር ማግኘት ይቸግረዋል። ለምርምር የሚያስብ ሰው ትራንስክሪፕቱን አሳዶ በተለመደው በር ቢገባ ይሻለዋል ባይ ነኝ። እሷ ሥራዋን ነው የምታስበው፣ ስለዚህ ብዙ አልጎዳትም። ብቸኝነቱ ግን ጎድቷታል። ሁለት ሌሎች ሐበሾች በቴሌግራም አግኝታ እሑድ እሑድ በስልክ አብረው ያጠናሉ፤ አንዷ ዱባይ ናት፣ ሌላኛው ዴንቨር።

አሁን ማሺን ለርኒንግ፣ ማለትም ኮምፒውተር ራሱ ከዳታ እንዲማር የሚያደርገው ዘዴ፣ ኮርሶች ላይ ናት። ሱፐርቫይዝዱን ጨርሳለች፣ አንሱፐርቫይዝዱን ይዛለች፣ የዲፕ ለርኒንጉ ቀጥሎ ነው። የዘንድሮው የአሠሪዋ 5,250 ዶላር አልቋል። የአሠሪው ገንዘብ የሚታሰበው በፈረንጅ ዓመት ስለሆነ የዓመቱን የመጨረሻ ሴሽን ዘልላ ዲፕ ለርኒንጉን ከጥር በኋላ ለሚከፈተው ሴሽን አስተላልፋዋለች፤ በመሃል ባለው ጊዜ ኮርሱን ያለ ክሬዲት ከፍታ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እየሠራች ነው።